ከጣና ዳር ጓዝ ሲጠቀለል

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ዕድሜዬ 51 ነው። ባለፈው ኅዳር ባሕር ዳር መጥቼ ከባለቤቴ ወንድም ጋር ዓሣ ሳሰግር ከረምኩ። ጀልባው የእሱ ነው። 8 መረብ በራሴ ገንዘብ ገዝቻለሁ፤ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ደግሞ እኩል አዋጥተን ገዛን። በሰኔ የመጀመሪያ ሳምንት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ፤ ኅዳር ላይ እንደገና ለመምጣት አስባለሁ። መረቡንና ሞተሩን ለክረምት ምን ላድርጋቸው? ከአማቼ ጋር ያለንን ሂሳብስ ሳንቀያየም እንዴት እንዝጋው? እስካሁን አንድም ነገር አልጻፍንም። ለቤተሰቤም ዓሣ ይዤ መግባት እፈልጋለሁ፤ ግን አንድ የማውቀው ሰው በበረዶ አድርጎ የወሰደው ዓሣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ ሸተተበት።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሦስት ሳምንት ሲቀርዎት መጻፍዎ በጀዎት። ዓሣውን ከሁሉ በኋላ ጠየቁን እንጂ መጀመር ያለብዎት ከእሱ ነው፤ ይኸውም ከቋንጣው። መረብ በጥላ ይደርቃል፣ ሞተር ጣሪያ ሥር ይሠራል፣ ሂሳብም በዝናብ ቀን ቁጭ ተብሎ ይታያል። ቋንጣ ግን ፀሐይ ይፈልጋል፤ የባሕር ዳር ፀሐይ ደግሞ ሰኔ ከገባ የምትታመን አይደለችም። አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሚሆን ሥጋው ከመድረቁ በፊት ይሸታል።

ለቋንጣ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ወይም ነጭ ዓሣ ይምረጡ። አምባዛ ስብ ስላለው ቢደርቅም ሲቆይ የከረመ ዘይት ጣዕም ያመጣል፤ እሱን እዚያው ትኩሱን ይብሉት። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው ከአንድ ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ውፍረት በቁመቱ ይሰንጥቁ። በአምስት ሊትር ውሃ 1.3 ኪሎ ያህል ጨው ያሟሙና ሥጋውን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ አውጥተው ያንጠፍጥፉት። የሚሰቀልበት ገመድ ከመሬት ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ ይበል፤ ዝንብ እንዳይደርስበት ዙሪያውን በስስ ሻሽ ይጋርዱት። አጎበር የሚጠቀሙ አሉ፤ ለወባ የሚታደለው አጎበር ግን በፀረ ተባይ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ ከሚበላ ነገር አጠገብ አይድረስ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ በቀትር ፀሐይ ይሰቅለዋል። ላዩ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፣ ውስጡ ያለው ውሃ መውጫ ያጣል፤ ከሳምንት በኋላ ቋንጣው ሲሰበር መሐሉ ሮዝ ሆኖ ይሸታል። የመጀመሪያውን ቀን ነፋስ የሚገባበት ከፊል ጥላ ይሁን፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ፀሐይ ላይ ያውሉት። ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመታው ወደ ቤት ያስገቡት። ሦስት አራት የጠራ ቀን ካገኘ ይበቃዋል። በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልጎደጎደ፣ ሲያጥፉት ደግሞ ሳይሰበር ስንጥቅጥቅ ካለ ደርሷል። በፌስታል አያፍኑት፤ በጨርቅ ከረጢት ያድርጉት። ሲያሰሉም ከ10 ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ሥጋ ሦስት ኪሎ ከምናምን፣ ቋንጣው ደግሞ አንድ ኪሎ ቢሞላ መሆኑን አይርሱ።

አሁን ወደ ትኩሱ እንምጣ። ያ የሚያውቁት ሰው ዓሣ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ የሸተተው በመንገዱ ርዝመት አይመስለንም። ማታ የተዘረጋ መረብ ጠዋት ሲነሣ ከተያዘው ዓሣ ብዙው ሌሊቱን የሞተ ነው። የጣና ውሃ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፤ እዚያ ውስጥ ስምንት ሰዓት ሞቶ ያደረ ዓሣ በረዶ ሲነካው ግማሽ ዕድሜውን ጨርሷል። ዕድሜው የሚቆጠረው ከመረብ ከወጣበት ሰዓት ሳይሆን መረብ ውስጥ ከሞተበት ሰዓት ነው። በዚህ ላይ ሆድ ዕቃው ካልወጣለት፣ በረዶውም ከሥር ብቻ ተነጥፎ ዓሣው ከላይ ከተደረደረ፣ ከላይ ያለው ዓሣ በረዶ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው።

ስለዚህ ለቤት የሚሄደውን መረቡ ሲነሣ ገና ከሚፈራገጠው ይምረጡ። ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ዓይኑ የጠራና ያበጠ ይሁን። እዚያው ጀልባው ላይ ሆድ ዕቃውን አውጥተው በደንብ ይጠቡት፤ ከአንድ ኪሎ ዓሣ ጋር አንድ ኪሎ የተፈጨ በረዶ ከሥርም ከላይም ከመሐልም እያደረጉ ባሕር ዳር ወዳለው ማረፊያዎ ያድርሱት። ከዚያ ሙሉውን ሳይሆን ፊሌቶውን ያቀዝቅዙ። ጭንቅላትና አጥንት ተሸክሞ ዓባይ በረሃን መሻገር ለበረዶ ሻጩ ካልሆነ ለማንም አይጠቅምም።

ፊሌቶውን ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ጠፍጣፋ እሽጎች ያድርጉት፤ አየሩን በእጅ ጨፍልቀው ያውጡ። የቤት ፍሪዘር በአንድ ቀን ከአራት አምስት ኪሎ በላይ ትኩስ ሥጋ በአግባቡ አያቀዘቅዝም። አሥር ኪሎ በአንዴ ቢጨምሩበት መሐል ያለው ሳይቀዘቅዝ ያድራል፤ መብራት ከጠፋማ አለቀ። በሁለት ሦስት ዙር ያድርጉት። ጎን ለጎን ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንዶች ውሃ ሞልተው ያቀዝቅዙ፤ በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ከአፉ አራት ጣት ያጉድሉ። የሃይላንድ በረዶ ሲቀልጥ እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ስለሚቀር ዓሣዎን ውሃ ውስጥ አያዋኘውም፤ የአውቶቡሱን ረዳትም አያስቆጣም።

የሚሳፈሩበት ዕለት ሌሊት ላይ ሣጥኑን ያሰናዱ። ለ10 ኪሎ ፊሌቶ አምስት ሃይላንድ በቂ ነው፤ ሁለት ከሥር፣ ሦስት ከላይ፤ ቅዝቃዜ ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ ይብዛ። ክፍት ቦታውን በጋዜጣ ይጠቅጥቁ፣ ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፣ ከዚያ በአሮጌ ብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ፖርቶመጋላ ላይ አይጫን፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ የቀትር ፀሐይ ካገኘው ልፋትዎ በሙሉ ውሃ ይሆናል። ሞተሩ አጠገብም አይሁን። አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን ሌላ 130 ስለሆነ ማደርዎ አይቀርም፤ ያደሩበት ቤት ሰው “እስቲ እንየው” ቢልዎትም ሣጥኑን አይክፈቱ። ቤትዎ ሲደርሱ መሐሉ ድንጋይ የሆነውን ወደ ፍሪዘር ይመልሱ፤ የላላውን ያን ዕለት ጠብሰው ይብሉ። የሰኔ ጾም ከገባ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለቤተሰብዎ እንተወዋለን።

መረቡን በመጨረሻው ቀን ከውሃ አውጥተው እርጥቡን ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቀው የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ናይሎን እንደ ጥጥ አይበሰብስም ይላሉ፤ እውነት ነው። የሚበሰብሰው በውስጡ የቀረው ቅርፊት፣ አተላና አረንጓዴ ሽበት ነው። ሽታው አይጥ ይጠራል፤ አይጧ ዓሣ ባታገኝም መረቡን በጥሳ ትሄዳለች።

ስድስቱን መረብ ከጉዞዎ አሥር ቀን አስቀድመው ያውጡ፤ ሁለቱን ለቤት ለሚሆነው ዓሣ ያቆዩና ሦስት ቀን ሲቀር እነሱንም ያንሡ። ቆጥረው ያውጡ። ስምንት ማለት ስምንት ነው። ነፋስ ገፍቶት ወይም ገመዱ ተበጥሶ የጠፋ ካለ ሜንጦ አሥረው ያለበትን አካባቢ ይጎትቱ። ውሃ ውስጥ የቀረ የናይሎን መረብ ባለቤቱ ባይኖርም ወራት ሙሉ ዓሣ እየያዘ ይገድላል፤ የሚበላውም የለም።

ካወጡ በኋላ ጭቃ በሌለበት ውሃ ያለቅልቁት። በምሥራቁ ዳርቻ በኩል የተዘረጋ ከሆነ እምቦጭ ይኖርበታል፤ ሥሩን ገና እርጥብ ሳለ አንድ በአንድ ይልቀሙ፤ ሲደርቅ ከድሩ ጋር ይጠላለፍና ሁለቱ አይለዩም። የለቀሙትን ወደ ውሃው አይመልሱት። ከግንዱ ትንሽ ቁራጭ ከተረፈ እንደገና ይበቅላል፤ ዘሩም ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በዚህ ብቻ እንኳ መረቦቹን ወደ ደብረ ብርሃን ባይወስዷቸው እንመርጣለን።

ማድረቂያው በረንዳ ወይም የጣሪያ ክፈፍ ሥር ነው፤ ነፋስ እንጂ ፀሐይ አይምታው። ፀሐይ ናይሎንን ውስጥ ለውስጥ ትበላዋለች፤ ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ ኅዳር ላይ አንድ ትልቅ አምባዛ ሲገባበት እንደ ሸረሪት ድር ይለቃል። ጥርጣሬ ካለዎት አንዷን ክር በሁለት እጅ ጠቅልለው ይሳቡ፤ እጅዎን ሳያማት ከተበጠሰች ያ መረብ አብቅቶለታል።

ቀዳዳውን አሁን ይጥገኑ፤ ኅዳር ላይ ጊዜ አይኖርዎትም። አምስት ስድስት ዓይን የተበጠሰበት ይጠገናል፤ ሲሶው የሄደ ግን ሲጠግኑት ቢውሉ ከአዲስ ይብስብዎታል። የላይኛውን ገመድ፣ ተንሳፋፊውንና ከታች ያለውን እርሳስ ፈትተው ያስቀምጡና ድሩን ብቻ በአዲስ ይተኩ። አዲስ ድር ሲገዙ መቶ ሜትር ተወጥሮ የተለካ ድር ገመድ ላይ ሲሰፋ ሃምሳ ሜትር ግድም መሆኑን ያስቡ፤ ጭራሽ አወጣጥረው የሰፉት መረብ ዓሣውን ሳይይዘው ነጥሮ ይመልሰዋል። በመጨረሻ እያንዳንዱን ለብቻው በታጠበ ማዳበሪያ ያድርጉና የዓይኑን ስፋትና ቁጥር ጽፈው ከጣሪያው ወራጅ ላይ በሽቦ ያንጠልጥሉ፤ ግድግዳ አይንካ። ቤንዚንና ባትሪ ካለበት ክፍል ይራቅ።

አማችዎ “በክረምቱ ልሥራበት” ሊልዎት ይችላል። እዚህ ላይ እንዲጠነክሩ እንመክራለን። ከሐምሌ እስከ መስከረም የጣና ነጭ ዓሣ ዘሩን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣል፤ በወንዞቹ አፍ ላይ ሲከማች ማንም ሰው መረብ ዘርግቶ ጀልባ መሙላት ይችላል። የሚሞላው ግን ሆዱ ዕንቁላል በያዘ ዓሣ ነው። ከዚህ ወገን 15 ያህል ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉ፤ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከመጣ በኋላ ክፉኛ የተመናመኑትም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ቆሮሶም ቢሆን ክረምት መግቢያ ላይ ይራባል፤ ከመረብ ሲያላቅቋት ከአፏ ቢጫ ፍሬ የምታፈስ ቆሮሶ ካዩ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ታቅፋ የነበረች እናት ናት። እምቢ ማለት ከከበደዎት ሁለት መረብ ብቻ ይተዉለት፤ ዓይናቸው ተወጥሮ ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ከ10 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፣ ከወንዝ አፍ ርቆ መሐል ሐይቅ ላይ የሚዘረጋ።

ሞተሩን በተመለከተ አማችዎ ክረምቱን የሚሠራበት ከሆነ አያስቀምጡት። በወጉ የተያዘ የሚሠራ ሞተር ከቆመ ሞተር ይሻላል። ሁለታችሁም ካልተጠቀማችሁበት ግን እንዲህ ይደረጋል። በርሜል ንጹሕ ውሃ ሞልተው ሞተሩን ይሰቅሉበትና ለአሥር ደቂቃ ያስነሡት፤ የግንቦትና የሰኔ ውሃ ደለል ስላለው ማቀዝቀዣ ቱቦው ውስጥ ደርቆ ይቀራል። ውሃው ከመውጫው በደንብ እየተረጨ መሆኑን ይዩ። ከዚያ እየሠራ ሳለ የቤንዚኑን ቱቦ ነቅለው በራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ። ካርቡራተር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ሲተን የሚያጣብቅ ሙጫ ትቶ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ኅዳር ላይ “ሞተሩ እንቢ አለኝ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የሁለት ምት ሞተር ዘይት ያፍስሱ፤ የማጥፊያውን ገመድ ነቅለው ማስነሻውን አራት አምስት ጊዜ በዝግታ ይሳቡና ካንዴላዎቹን መልሰው ይሰሩ። ቀጥሎ የታችኛው ካምቢዮ። ከታችና ከላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትተው ዘይቱን በነጭ ዕቃ ይቀበሉት። ጠቆር ያለ ከሆነ ደህና ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ፕሮፔለሩን ፈትተው ዘንጉን ይዩ፤ በጣም ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተጠመጠመ የመረብ ክር ነው፤ ዘይቱን የሚይዘውን ጎማ የበላው እሱ ነው። ጎማው ሳይቀየር አዲስ ዘይት መሙላት ከንቱ ነው። ሲሞሉ ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ እየገፉ፣ በላይኛው እስኪፈስ። መጀመሪያ ላይኛውን ብሎን፣ ከዚያ ታችኛውን ይዝጉ፤ ካገላበጡት የሞሉት መልሶ ይፈሳል። ለእርስዎ ዓይነት ሞተር ሩብ ሊትር ግድም ይበቃል።

ቀጥ አድርገው እንጨት ላይ ይስቀሉት። ማጋደም ግድ ከሆነ የፕሮፔለሩ ጫፍ ከሞተሩ ራስ ከፍ አይበል፤ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይፈስሳል። ዘይት የተቀላቀለበት ቤንዚን ክረምቱን አይቀመጥም፤ ለሌላ ባለ ሞተር ይሽጡት።

ጀልባው የአማችዎ ቢሆንም አንድ ነገር ይንገሩት። በሰኔ ጣና የዓመቱ ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ነው፤ እስከ መስከረም አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ይነሣል። ዛሬ ደረቅ ያለው ቦታ ሐምሌ ላይ ሐይቅ ነው፤ ሜዳ በሆነው ዳርቻ አንድ ሜትር ተኩል ማለት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወደ ውስጥ መግባት ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን የአምና ውሃ ነጭ መስመር ወይም የደረቀ ገለባ የተደረደረበትን ምልክት ፈልጎ ከዚያ በላይ ያውጣው፤ በግንድ ላይ ይድፋው። የደንገል ታንኳ ካላችሁ ግን አትድከሙ፤ ታንኳ ክረምት አይከርምም።

ሂሳቡን ጀልባው ከመውጣቱ በፊት ይጨርሱት። በመጀመሪያ ዱቤውን ይሰብስቡ። በምግብ ቤትና በነጋዴ እጅ ያለው ቀሪ ገንዘብ እርስዎ በአካል ሳሉ ይከፈላል፤ ከሄዱ በኋላ አማችዎ ብቻውን ሲጠይቅ “ለሁለታችሁ ነው የምከፍለው” ይባላል። ቀጥሎ የቤንዚንና የዘይት ዕዳ ካለ ከጋራው ይቀነስ። ኅዳር ላይ በቃል የተስማማችሁት የጀልባ፣ የሞተር፣ የመረብና የጉልበት ድርሻ ምን እንደነበር ሁለታችሁም ለየብቻ በወረቀት ጻፉና አስተያዩት። ልዩነቱ የት እንዳለ ያኔ ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። የሞተሩን ዋጋ በተገዛበት አይቁጠሩት፤ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ከሁለታችሁ ወገን ያልሆነ መካኒክ ይንገራችሁ።

አማችዎ ክረምቱን ከሠራበት ሞተሩ ከሽያጩ የሚወስደው እጅ ግማሹ የእርስዎ ነው። ካንዴላ፣ የካምቢዮ ዘይትና የፕሮፔለር ጥገና በሚጠቀመው ላይ ይሁን፤ ትልቅ ብልሽት እኩል። አንድ ነገር ግን ለይታችሁ ጻፉ፦ ዘይት ሳይቀላቀል በቤንዚን ብቻ ሠርቶ ፒስተኑ ከተጣበቀ ዕዳው የሠራበት ሰው ነው። የሞተሩ መመሪያ ሌላ ካላለ ልኩ አንድ ለሃምሳ ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። ይህንኑ ጀሪካኑ ላይ በማይጠፋ ቀለም ይጻፉት። ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ በሁለት ምስክር ፊት ፈርሙ፤ የሞተሩን ቁጥርም አስገቡበት። በቃል ያለ ይረሳል። ነገ አንድ ነገር ቢነሣ በወንድሟና በባልዋ መሐል የምትቆመው ባለቤትዎ ናት፤ ለእሷ ሲባል እንኳ ይጻፍ።

ያልጠየቁን አንድ ጉዳይ አለ። ሰባት ወር እግርዎ የጣናን ዳርቻ ውሃ ሲረግጥ ከርሟል፤ ቢልሃርዚያ እዚያ አለ። ሆድዎን ባያምዎትም ይመርመሩ፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን በገቡ ማግስት አይደለም። ጥገኛው ገላ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕንቁላሉ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ይሂዱ፤ የሚጠይቁትም የሰገራ ምርመራ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለዎት ግን አንድ ቀን አይጠብቁ። ደብረ ብርሃን ደጋ ስለሆነ ወባ ቶሎ ላይታሰብ ይችላል፤ አንዱ የወባ ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከወራት በኋላ ይነሣል። ካርድ ሲያወጡ “ባሕር ዳር ከርሜ ነው የመጣሁት” ብለው ቀድመው ይናገሩ፤ ጥቅምት ላይ ቢሆንም እንኳ።